የዩኤስቢ ሆስት ኮንትሮለር ድራይቨሮችን በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ማዋቀር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኝ ጠባብ የጥገና ክፍል ውስጥ፣ ሊኑክስ ለመጫንና ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) በራሳቸው ኮምፓይል ለማድረግ የሚመጡ ሰዎችን ማገዝ ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ የአምስት ኪሎ ተማሪዎች፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ እንዲሁም ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው ዕድሜውን ማራዘም የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ማሽኖቹ ቢለያዩም ስለ ዩኤስቢ የሚነሡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ በመሆናቸው መልሶቹን አንድ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። የትእዛዞቹና የምርጫዎቹ ስሞች እዚህ እንደ ንባባቸው በፊደላችን ሰፍረዋል፤ ማሽኑ ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ሆስት ኮንትሮለር ምንድን ነው? ለብቻው ድራይቨር የሚያስፈልገውስ ለምንድን ነው?

በዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዕቃ ሳይጠየቅ አይናገርም። ማውስዎን ሲያንቀሳቅሱ ማውሱ ወሬውን ይዞ ይጠብቃል እንጂ በራሱ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ አይልክም፤ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ «አዲስ ነገር አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሆስት ኮንትሮለር የተባለው ቺፕ ነው። የፍላሹ፣ የፕሪንተሩና የኪቦርዱ ድራይቨሮች (ከርነሉ ዕቃዎቹን የሚያዝዝባቸው ፕሮግራሞች) ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ዩኤስቢ ኮር ለተባለው የከርነሉ ክፍል ሲሆን፣ እርሱም ለሆስት ኮንትሮለሩ ድራይቨር ያስተላልፋል፤ ቺፑን በቀጥታ የሚያዝዘው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው። ስለዚህ የፍላሹ ድራይቨር ተሟልቶ የኮንትሮለሩ ቢጎድል ከርነሉ ፍላሽ መሰካቱን እንኳ አያውቅም፤ የስሕተት መልእክትም አይጽፍም። «ምንም አይልም» ተብሎ የመጣልኝ ማሽን ሁሉ በመጀመሪያ የሚመረመረው በዚህ በኩል ነው።

አራት ዓይነት ስም ለምን ኖረ? የትኛውንስ ልምረጥ?

ስሞቹ የዩኤስቢን ታሪክ ተከትለው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ቺፑን የሚሠሩት ኩባንያዎች በአንድ አሠራር አልተስማሙም። ኢንቴል ዩኤችሲአይ የተባለውን አወጣ፤ ይህ ቺፑን ቀላል አድርጎ ብዙውን ሥራ ለሶፍትዌር የሚተው ነው። ኮምፓክ፣ ማይክሮሶፍትና ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ደግሞ ብዙውን ሥራ ቺፑ ራሱ የሚሠራበትን ኦኤችሲአይ አወጡ። ሁለቱም የሚያስተናግዱት በሰከንድ 1.5 እና 12 ሜጋቢት የሚሄዱትን ዕቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኤስቢ 2.0 ከ480 ሜጋቢት ፍጥነቱ ጋር ሲመጣ ኢኤችሲአይ የጋራ መመዘኛ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኤስቢ 3.0 በ5 ጊጋቢት ሲከተል ኤክስኤችሲአይ መጣ። ኤክስኤችሲአይ ከቀደሙት የሚለየው አዲሱንም አሮጌውንም ፍጥነት ብቻውን ማስተናገዱ ነው። ሊኑክስ ኤክስኤችሲአይን መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የ2.6.31 ከርነል ሲሆን፣ ድራይቨሩን የጻፉት ሴጅ ሻርፕ (በወቅቱ ስማቸው ሳራ ሻርፕ) ናቸው።

በመሆኑም ምርጫው ፖርቱ ላይ በሚሰካው ዕቃ አይወሰንም። «እኔ የምሰካው የዩኤስቢ 2 ፍላሽ ስለሆነ ኢኤችሲአይ ይበቃኛል» የሚል ሰው ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ ማሽኑ ኤክስኤችሲአይ ብቻ ያለው ከሆነ ግን ያ ፍላሽ በኢኤችሲአይ ድራይቨር በፍጹም አይታይም። የሚጠየቀው ማሽኑ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው።

ማሽኔ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ከርነሉን ከመንካትዎ በፊት ማሽኑን በማንኛውም የሚሠራ ሊኑክስ፣ ከፍላሽ በሚነሣው ቢሆንም፣ አስነሥተው ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ከኤንኤንኬቪ ምርጫ ጋር ይስጡ። በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የክፍል ቁጥራቸው 0ሲ03 የሆኑትን መስመሮች ይፈልጉ፤ የዩኤስቢ ኮንትሮለሮች እነርሱ ናቸው። በመስመሩ መጨረሻ አካባቢ ፕሮግ-አይኤፍ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ሁለት አሃዝ ዓይነቱን ይነግርዎታል፦ 00 ዩኤችሲአይ፣ 10 ኦኤችሲአይ፣ 20 ኢኤችሲአይ፣ 30 ኤክስኤችሲአይ ነው። ከሥሩ ካሉት መስመሮች በአንዱ ላይ ደግሞ በአሁኑ ሰዓት ቺፑን የያዘው ድራይቨር በስሙ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ዝርዝር በወረቀት ገልብጠው ከማሽኑ ጋር ያቆዩት። ከአንድ ቢሮ አብረው የወጡና ከውጭ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች፣ አንደኛው ተጨማሪ የዩኤስቢ 3 ካርድ ተሰክቶበት ስለነበር ብቻ፣ የተለያየ ውቅር ሲያስፈልጋቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ከውጪ ባለው የፖርት ቀለም መተማመን አይገባም።

በሜኑኮንፊግ ውስጥ የት አገኛቸዋለሁ?

የከርነሉን የምርጫዎች ዝርዝር ሜክ ሜኑኮንፊግ ብለው ከከፈቱ በኋላ የዲቫይስ ድራይቨሮች በሚለው ሥር የዩኤስቢ ድጋፍ የሚለውን ይግቡ። በቅድሚያ በሆስት በኩል ያለው የዩኤስቢ ድጋፍ መመረጥ አለበት፤ እርሱ ካልተመረጠ ከሥሩ ያሉት የኮንትሮለር ስሞች አይታዩም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኤክስኤችሲአይ ከከርነሉ ወጥቷል እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል፤ የተደበቀው የበላዩ ምርጫ ስላልበራ ነው። ከዚያ በዝርዝርዎ ላይ ያገኟቸውን ኮንትሮለሮች አንድ በአንድ ይመርጣሉ።

ዘወትር የሚረሳ አንድ ነጥብ አለ። ኤክስኤችሲአይ፣ ኢኤችሲአይና ኦኤችሲአይ እያንዳንዳቸው በሁለት ሞጁል (ለብቻው ሊጫን በሚችል የከርነል ክፍል) የተከፈሉ ናቸው፤ አንደኛው የኮንትሮለሩን አሠራር የሚያውቀው ዋናው ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቺፑን ከፒሲአይ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ቺፖችና ካርዶች ከሚገናኙበት መስመር፣ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ክፍል ነው። በተለመደው ዴስክቶፕና ላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዋናው ብቻ ቢጫን ሞጁሉ በዝርዝር ላይ ይታያል፣ ሥራ ግን የለውም፤ ምክንያቱም ከቺፑ ጋር ያገናኘው የለም። ዩኤችሲአይ በዚህ ሁኔታ አልተከፈለም።

ከርነሉ ውስጥ ይሠራ ወይስ ሞጁል ይሁን? ዋይ ልበል ወይስ ኤም?

ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ልዩነቱ ድራይቨሩ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ዋይ ካሉ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ወደ ሜሞሪ ይገባል። ኤም ካሉ ግን በፋይል መልክ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲያስፈልግ ይጠራል፤ ከዲስኩ በፊት እንዲገኝ ከተፈለገ ደግሞ ኢኒትራምኤፍኤስ በተባለው የመነሻ ጥቅል ውስጥ መግባት አለበት። ለአንድ ለታወቀ ማሽን ከርነል የሚሠራ ሰው ማሽኑ ያለውን ኮንትሮለር ዋይ ቢል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ የሚጨምረው ቦታ ትንሽ ነው፤ የሚያድነው የምርመራ ሰዓት ግን ብዙ ነው። ለብዙ ዓይነት ማሽኖች የሚሆን አንድ ከርነል የሚያዘጋጅ ሰው አራቱንም ኤም ብሎ በመነሻ ጥቅሉ ውስጥ ማካተት ይችላል።

ኪቦርዱ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ላይ ይሠራል፤ ሊኑክስ ሲነሣ የዲስኩ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ግን ይሞታል። ለምን?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል፤ ሰውንም ከሁሉም ይበልጥ ያስጨንቃል፤ መረጃው ሁሉ በተቆለፈው ዲስክ ውስጥ ነውና። አንድ ተማሪ ማሽኑን ይዞ በመጣ ጊዜ ያየሁትን ልንገርዎ። ማሽኑ ሲበራ የኪቦርዱ የቁጥር መቆለፊያ መብራት ይበራል፤ የሚነሣው ከርነል በሚመረጥበት በግሩብ ዝርዝር ላይ ቀስቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይታዘዛሉ፤ ከርነሉ ተመርጦ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በስክሪኑ ላይ ማለፍ እንደጀመሩ ያቺ አረንጓዴ መብራት ድርግም ትላለች። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት መስመር ይመጣል፣ ጣት ግን ምንም አይጽፍም።

መብራቱ የጠፋበት ቅጽበት መልሱን ይዟል። እስከዚያ ድረስ ኪቦርዱን ያንቀሳቅስ የነበረው የባዮሱ የራሱ ትንሽ ድራይቨር ነው። ከርነሉ ሲነሣ ኮንትሮለሩን ከባዮሱ ይረከባል፤ ባዮሱም እጁን ያነሣል። ተረካቢው ድራይቨር ሞጁል ሆኖ በተቆለፈው ዲስክ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ቁልፉ ቤት ውስጥ ተረስቶ በሩ እንደተዘጋ ያህል ነው፤ ዲስኩን ለመክፈት ኪቦርድ፣ ኪቦርዱን ለማስነሣት ደግሞ ዲስኩ ይፈለጋል።

መፍትሔው የኮንትሮለሩን ድራይቨር ከፒሲአይ ክፍሉ ጋር፣ የዩኤስቢ ኤችአይዲ (የኪቦርድና የማውስ) ድራይቨሩንና አጠቃላዩን የኤችአይዲ ድራይቨር ዋይ ማለት ነው፤ ኤም ካሏቸውም ሁሉንም በመነሻ ጥቅሉ ውስጥ አስገብተው ጥቅሉን እንደገና መሥራት ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ውጤቱ ያው ነው። ለዚያ ተማሪ የጎደለው የፒሲአይ ክፍሉ ብቻ ነበር፤ ሦስቱን በትክክል አስገብቶ በአራተኛው ሁለት ሌሊት ደክሟል። ለጊዜው ግን የቀድሞውን ከርነል ከግሩብ ዝርዝር መርጦ መግባት ይቻላልና፣ አዲሱ በሚገባ እስኪፈተን ድረስ አሮጌውን ከርነል ፈጽሞ አያጥፉት። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ክብ የፒኤስ 2 ፖርት ካለም፣ በርሱ የሚሰካ ኪቦርድ በዩኤስቢ በኩል ስለማያልፍ ከጭንቅ ያወጣል፤ እኔም አንድ እንዲህ ያለ ኪቦርድ ከጠረጴዛዬ ሥር አይጠፋም።

ሲስተሙ በሙሉ በዩኤስቢ ዲስክ ላይ ነው፤ ከርነሉ ግን ዋናውን ክፍልፍል አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ምን ላድርግ?

ከኮንትሮለሩ በተጨማሪ የዩኤስቢ ስቶሬጅ ድራይቨርና የስካዚ (የቆየ የዲስክ ማገናኛ መመዘኛ) ዲስክ ድራይቨር ያስፈልጋሉ፤ ሊኑክስ የዩኤስቢ ዲስክን የሚያየው በስካዚ ዲስክ መልክ ነውና። እነዚህ ተሟልተው ካቆመ ግን ምክንያቱ ጥድፊያ ነው። የዩኤስቢ ዲስክ ተቆጥሮ እስኪታወቅ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ ከርነሉ ደግሞ ካልተነገረው አይጠብቅም። በመነሻው መስመር ላይ ሩትዌይት የሚለውን ቃል ቢጨምሩ ዲስኩ እስኪታይ ይጠብቃል። ዲስኩንም ኤስዲኤ ወይም ኤስዲቢ በሚል ስም አይጥሩት፤ ሌላ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ስሙ ሊቀያየር ይችላል። ፓርትዩዩአይዲ የተባለውን የክፍልፍል መለያ ከርነሉ ያለ መነሻ ጥቅልም ያነብባል፤ ዩዩአይዲ የተባለውን የፋይል ሲስተሙን መለያ ለመጠቀም ግን መነሻ ጥቅሉ ያስፈልጋል።

ፍላሽ ይሠራል፣ ማውስ ግን አይሠራም። ድራይቨሩ ግማሽ ይጫናል እንዴ?

አይጫንም፤ የጎደለው አጋሩ ነው። ኢኤችሲአይ የሚያውቀው የ480 ሜጋቢቱን ፍጥነት ብቻ ነው። አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ ከኢኤችሲአይ ጎን ዩኤችሲአይ ወይም ኦኤችሲአይ አጋር ሆኖ የተቀመጠው፣ እንደ ማውስና ኪቦርድ ያሉ ዝግተኛ ዕቃዎች ሲሰኩ ፖርቱ ወደ እርሱ እንዲዞር ነው። የአጋሩ ድራይቨር ከሌለ ፈጣኑ ፍላሽ ይታያል፣ ዝግተኛው ማውስ ይጠፋል። አንድ የጽሕፈት ቤት ባለቤት አራት ማውስ ቀያይረው ሲያበቁ ወደ እኔ የመጡት በዚህ ምክንያት ነበር፤ አራቱም ማውሶች ደኅና ነበሩ።

ጥርጣሬዎን በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ያንኑ ማውስ በዩኤስቢ 2 ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ በሚያበዛው ዕቃ) በኩል ይሰኩት፤ ሃቡ ዝግተኛውን ንግግር ወደ ፈጣኑ የሚያስተረጉም ክፍል በውስጡ ስላለው፣ ማውሱ ከነቃ የጎደለው አጋር መሆኑን በርግጠኝነት ያውቃሉ። አንዳንድ የኋለኞቹ የኢንቴል ማዘርቦርዶች እንዲህ ያለውን ሃብ ከቺፕሴቱ ጋር አብረው ስለያዙ፣ በእነርሱ ላይ ዩኤችሲአይ ባይኖርም ማውሱ ይሠራል።

በሞጁል ከተጠቀሙ ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ኢኤችሲአይ ከአጋሮቹ ቀድሞ መጫን ይገባዋል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ፖርቶቹን ወደ ራሱ ስለሚያዞር ቀድመው የታወቁት ዕቃዎች ተቋርጠው እንደገና ይቆጠራሉ። ከርነሉ ራሱ በመልእክቱ ያስጠነቅቃል።

የዩኤስቢ 3 ዲስኬ ከዩኤስቢ 2 አልፈጠነም። ድራይቨሩ ነው?

ኤልኤስዩኤስቢን ከቲ ምርጫ ጋር ይስጡና ዲስኩ የተንጠለጠለበትን ቅርንጫፍ ይመልከቱ። አንድ የኤክስኤችሲአይ ኮንትሮለር ሁለት መስመር ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ለዩኤስቢ 2፣ ሌላው ለዩኤስቢ 3 ነው። ዲስኩ 480 የሚል ቁጥር ከያዘው ሥር ከወደቀ ኮንትሮለሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ በኬብሉ ወይም በፖርቱ ነው። ዩኤስቢ 3 ከቀድሞው አራት ሽቦ በላይ ተጨማሪ አምስት ይፈልጋል፤ በርካሽ ኬብል ውስጥ እነዚህ ብዙ ጊዜ የሉም ወይም የተበላሹ ናቸው። ዲስኩ 5000 ከሚለው ሥር ሆኖ በመሐል የሚቆምና የሚቋረጥ ከሆነ ግን ዩኤኤስ የተባለው ፈጣኑ የዲስክ ድራይቨር ከመያዣው ቺፕ ጋር አልተስማማ ይሆናል። የዩኤስቢ ስቶሬጅ ኳርክስ በሚለው መለኪያ የዕቃውን ሁለት መለያ ቁጥሮችና ዩ የሚለውን ፊደል ሰጥተው ወደ ቀድሞው አሠራር መመለስ ይችላሉ፤ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ መቋረጡ ግን ይቆማል።

ዲሜሴጅ (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ «ስሕተት -71» ወይም «ስሕተት -110» ይወጣል። ከርነሉን እንደገና ልሥራው?

አይቸኩሉ። -71 ማለት ንግግሩ በመሐል ተበላሽቷል፣ -110 ማለት ደግሞ ዕቃው በተሰጠው ጊዜ አልመለሰም ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከወጡ የኮንትሮለሩ ድራይቨር በሥራ ላይ ነው፤ ጠይቋል፣ ትክክለኛ መልስ ግን አላገኘም። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ከኃይል ወይም ከኬብል የመጡ ናቸው። የዩኤስቢ 2 ፖርት እስከ 500፣ የዩኤስቢ 3 ፖርት እስከ 900 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ተወስኗል፤ የራሱ ፓወር በሌለው ሃብ ላይ ሁለት ዲስክና ፕሪንተር ሲደረደሩ ሒሳቡ አይመጣም። በእኛ ሰፈር መብራት ሲወዛወዝ፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ኮምፒውተር አብረው በተሰኩበት ቤት፣ ፎቶ ኮፒው ሲሞቅ ዲስኩ የሚቋረጥበት ጊዜ አጋጥሞኛል። በሌላ ኬብል፣ ከኋላ ባለው ፖርትና ያለ ሃብ ሞክረው ስሕተቱ ከቀጠለ ብቻ ወደ ሶፍትዌሩ ይመለሱ።

የኢንተርኔት ዶንግሌ እንደ ሲዲ ይታያል፤ ወይም ሥራ ሲፈታ ይቋረጣል።

የመጀመሪያው ከኮንትሮለሩ ጋር አይገናኝም። ብዙ ዶንግሎች በውስጣቸው የያዙትን የመጫኛ ፕሮግራም ለማሳየት መጀመሪያ እንደ ሲዲ ይቀርባሉ፤ ዩኤስቢ ሞድስዊች የተባለው ፕሮግራም ወደ ሞደምነት ይቀይራቸዋል። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም ሥራ የፈታውን ዕቃ ስለሚያስተኛው ነው። ለሙከራ የዩኤስቢ ኮር አውቶሰስፔንድን -1 አድርገው ማሽኑን ያስነሡ፤ መቋረጡ ከቆመ ለዚያ ዕቃ ብቻ ማስተኛቱን ያጥፉ።

በትናንሽ ቦርዶች ላይስ?

ራስበሪ ፓይን በመሳሰሉ፣ በአንድ ቦርድ ላይ በተሠሩ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ኮንትሮለሩ ሁልጊዜ ከፒሲአይ አይገኝም። በራስበሪ ፓይ 3 ላይ ያለው ዲደብልዩሲ 2 የተባለው ሲሆን የራሱ ድራይቨር አለው። በራስበሪ ፓይ 4 ላይ ግን ትልልቆቹ የዩኤስቢ ፖርቶች ቪኤል 805 በተባለ ቺፕ በኩል ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ከኤክስኤችሲአይ በፊት የቦርዱ የፒሲአይ ድራይቨር መኖር አለበት።

ማሽኑን ሳላጠፋ ኮንትሮለሩን ብቻ እንደገና ማስነሣት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ሥራ በበዛበት የጽሕፈት ቤት ውስጥም በጣም ይጠቅማል። በሲስ ማውጫ ሥር፣ በፒሲአይ ድራይቨሮች ውስጥ ኤክስኤችሲአይ ኤችሲዲ በሚለው ስም የተቀመጠ ማውጫ ያገኛሉ፤ በውስጡም አንባይንድና ባይንድ የተባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። በኤልኤስፒሲአይ ያገኙትን የኮንትሮለሩን አድራሻ በሙሉ፣ ለምሳሌ 0000:00:14.0 የሚለውን፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን መጀመሪያ ወደ አንባይንድ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ወደ ባይንድ ይጻፉ። ድራይቨሩ ቺፑን ለቅቆ እንደገና ይይዘዋል፤ በርሱ ላይ ያሉ ዕቃዎችም ሁሉ እንደ አዲስ ይቆጠራሉ። ኪቦርዱም በዚያው ኮንትሮለር ላይ ከሆነ ሁለተኛውን ትእዛዝ መጻፍ ስለማይችሉ፣ ሁለቱን ትእዛዞች በመሐላቸው የሦስት ሰከንድ እረፍት አድርገው በአንድ መስመር ይስጡ። ሲስተሙ ራሱ የተነሣው በዚያ ኮንትሮለር ላይ ካለ ዲስክ ከሆነ ግን ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ዲስኩ ከከርነሉ ሥር ተነቅሎ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ ይጠፋል።